መካኒኩ የዘለለው፣ ተቆጣጣሪው የፈረመው

የሻርሎት አደጋ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ቀን 2003 ማለዳ፣ የኤር ሚድዌስት አየር መንገድ ቢችክራፍት 1900ዲ አውሮፕላን 19 መንገደኞችና 2 አብራሪዎች ይዛ በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ከሻርሎት ተነሣች። ለአጭር በረራ የምታገለግል፣ ባለ ሁለት ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ናት። መሬት እንደለቀቀች አፍንጫዋ ሽቅብ ይወጣ ጀመር፤ አብራሪዎቹ መሪውን ቢገፉም አልመለስ አለ። በ37 ሰከንድ ውስጥ በአውሮፕላን ማረፊያው ግቢ ካለ የጥገና ሃንጋር ጋር ተላትማ ተቃጠለች። ከተሳፈሩት አንድም የተረፈ የለም።

አፍንጫው ለምን አልታዘዘም?

ከጅራቱ አግዳሚ ክንፍ በስተኋላ ወደ ላይና ወደ ታች የሚታጠፍ ክፍል አለ፤ ኤሌቬተር ይባላል። አብራሪው መሪውን ወደ ፊት ሲገፋ ኤሌቬተሩ ወደ ታች ይታጠፋል፣ ጅራቱ ይነሣል፣ አፍንጫው ይደፋል። በዚህች አውሮፕላን መሪውንና ኤሌቬተሩን የሚያገናኘው የብረት ገመድ ነው። ገመዱ ሲረግብ የሚወጠረው ተርንበክል በሚባል ማጥበቂያ ነው። በሁለቱ ጫፎቹ ተቃራኒ ጥርስ ስላለው ሲዞር ሁለቱንም ወገን በአንድ ጊዜ ወደ መሐል ይስባል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ገመዱ በደንብ ተወጥሮም ኤሌቬተሩ የሚታጠፍበት ልክ ሊዛባ ይችላል። ሻርሎት ላይ የሆነው ይኸው ነው። አፍንጫውን የሚያስደፋው መታጠፍ ከሚገባው ግማሽ ያህሉ ላይ፣ 7 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ፣ ይቆም ነበር። ጅራቷ ከፍ ብሎ የተሠራ በመሆኑ አብራሪዎቹ ከመቀመጫቸው ዞረው ሊያዩት አይችሉም።

ሃንጋር ውስጥ

ገመዱ የተስተካከለው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በዌስት ቨርጂኒያ ሀንቲንግተን ከተማ፣ በኮንትራት በሚሠራ የጥገና ጣቢያ ነው። የወጠረው መካኒክ በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ላይ ያን ሥራ ሠርቶ አያውቅም፤ እየሠለጠነ ነበር። መመሪያው በቅደም ተከተል ከዘረዘራቸው ደረጃዎች በርከት ያሉት ታለፉ፤ ስህተቱን ሊያጋልጥ የሚችለውም አብሮ ታለፈ።

ጥፋቱን በመካኒኩ ላይ ጥሎ መሄድ ይቀናል። እኔ ግን ከዚያ በላይ የምቆጥረው ሌላውን ነው፦ ሥራውን መርምሮ የፈረመው ተቆጣጣሪ፣ መካኒኩን ያሠለጥን የነበረው ያው ሰው ነበር። ደረጃዎቹ ሲዘለሉ የተስማማ ሰው፣ ቆይቶ ሲመረምር ምን አዲስ ነገር ሊያይ ይችላል? ወረቀቱ ላይ ሁለት ሰው አለ፤ ሥራውን ያየው ግን አንድ አስተሳሰብ ነው።

ታዲያ ለምን ያን ዕለት?

ተማሪ ሁሉ ይህን ይጠይቃል፤ መጠየቁም ትክክል ነው። አውሮፕላኗ ከጥገናው በኋላ ደጋግማ በሰላም በርራለች። ልዩነቱ ጭነቱ ነው። በዚያ በረራ ወንበሩ ሞልቷል፣ ከኋላ ያለው የሻንጣ ክፍልም ከብዷል። የመንገደኞች ክብደት ደግሞ የሚሰላው በሚዛን ሳይሆን የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በፈቀደው አማካይ ቁጥር ነበር። አማካዩ ከሰዉ እውነተኛ ክብደት ያነሰ ስለነበር፣ በወረቀት ልክ የሆነችው አውሮፕላን በእውኑ 260 ኪሎ ገደማ ከተፈቀደው በላይ ጭናለች፤ የክብደቷ መሐልም ከተፈቀደው ወሰን አልፎ ወደ ኋላ ሄዷል። ጅራት ሲከብድ አፍንጫ ለማስደፋት ኤሌቬተሩ ይበልጥ መታጠፍ አለበት። የቀረው ግን ግማሹ ብቻ ነው። አፍንጫዋ እስከ 54 ዲግሪ ተነሣ፤ ክንፎቿ መሸከም አቃታቸው።

መመሪያው ራሱ ሲሳሳት

በዚያው ዓመት ኦገስት 26 ቀን ሌላ ቢችክራፍት 1900ዲ ከጥገና ወጥታ ማሳቹሴትስ ባሕር ላይ ወደቀች፤ 2ቱም አብራሪዎች ሞቱ። የኤሌቬተሩ ማመጣጠኛ ገመድ በተቃራኒ ተገጥሞ ነበር፤ አብራሪዎቹ በማመጣጠኛው አፍንጫ ከፍ እንዲል ሲያዙ የሚሆነው ተገላቢጦሹ ነው። የአምራቹ የጥገና መመሪያ ገመዱ የሚጠመጠምበትን ክፍል ገልብጦ ስሎት ነበር። ቢሆንም መካኒኮቹ ሲጨርሱ፣ አብራሪዎቹም ከመነሣታቸው በፊት በሚገባ ቢፈትሹት ኖሮ ይገኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ

ከሻርሎቱ አደጋ በኋላ የመንገደኛ አማካይ ክብደት ከፍ እንዲል ተደረገ። በ2005 ደግሞ ኤር ሚድዌስት የሟቾች ቤተሰቦች በጠየቁት መሠረት በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ፤ የራሱ ጉድለት ለአደጋው አስተዋጽኦ እንዳደረገም አመነ። ክስና ካሳ በበዛበት የአሜሪካ አየር መንገዶች ዓለም እንዲህ ያለ ቃል ብርቅ ነው።