አዲስ የተገኘ ጠመንጃ ወደ አደን ከመውጣቱ በፊት
(ስለ ደሴና ስለ ኮምቦልቻ አካባቢ የተጻፈ ትምህርት)

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ፥ ከጦሳ ተራራ ግርጌ እስከ ቦርከና ወንዝ ዳር ያለው ገበሬ ሁለት ነገር ይጠብቃል፤ አንደኛው የእህሉን መድረስ ነው፤ ሁለተኛው እህሉን ሊበላ የሚመጣውን አውሬ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ሣሩ እየደረቀ ዱሩ ሲገለጥ፥ በቃሉ ቆላም ማሽላው ሲያሸት፥ ዝንጀሮና ከርከሮ ከየገደሉና ከየጫካው ይወርዳሉ። በዚያው ወራት ጠመንጃ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ዱር ለመውጣት ይነሣሣል። ይልቁንም ጠመንጃውን በቅርብ ጊዜ ያገኘ ሰው ከሁሉ አብልጦ ይቸኩላል፤ አዲስ ጠመንጃ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲውል የሚታገሥ ወንድ ጥቂት ነውና።

ስለዚህ እንዲህ ያለው ሰው «እህሌን አውሬ ፈጀብኝ፤ ጠመንጃም አለኝ፤ ልውጣ» ብሎ በፊታቸው በቆመ ጊዜ፥ የወረዳ ሹማምንትና ሰፊ እርሻ ያላቸው ባለይዞታዎች ምን ብለው እንደሚጠይቁት ያውቁ ዘንድ ይህ ትምህርት ተጽፏል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ፈቃዱ ነው። በኢትዮጵያ አደን በሕግ እንዲወሰን የታሰበው ዛሬ አይደለም፤ በ1936 ዓ.ም. የወጣው የአውሬ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 61 ነገሩን ለእርሻ ሚኒስቴር አደራ ሰጥቶት ነበር። ከዚያ ወዲህ የወጣው አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደንን ይከለክላል። ስለ መሣሪያውም አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ የሌለው ሰው ጠመንጃ እንዳይዝ ያዝዛል። እነዚህ ሁለቱ ፈቃዶች የተለያዩ ናቸው፤ ጠመንጃ ለመያዝ የተፈቀደለት ሰው ለማደን ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው፤ አንዳንድ ሹምም አብሮት ይሳሳታል። አውሬው ጥፋት አድርሶ እንደ ሆነ፥ ጉዳቱን አይቶና ጽፎ የዱር እንስሳትን ለሚጠብቀው መሥሪያ ቤት ማስታወቅ የሹሙ ሥራ ነው እንጂ፥ በቃል «ሂድና ግደል» ማለት የእርሱ ሥልጣን አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ ጠመንጃው ከወዴት እንደ መጣ ነው። በወሎ የጠመንጃ መብዛት ዘወትር የጦርነትን ፈለግ የተከተለ ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ጦር ከኢትዮጵያ አርበኞች ጋር ደሴን ከኢጣልያኖች እጅ ባስለቀቀ ጊዜ፥ የተማረከውና የተጣለው መሣሪያ ብዙ ነበር። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተንም እንዲሁ ሆነ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ ራሳቸው የጦር ሜዳ ሆኑ። ከጦር ሜዳ የተነሣ ጠመንጃ ሊመዘገብ ወይም ለመንግሥት ሊመለስ የሚገባው መሆኑ ሳይረሳ፥ ሌላም ነገር አለበት፤ በጭቃ ውስጥ የከረመ፥ የተመታ፥ ወይም አለመጠን የተተኮሰበት ሊሆን ይችላል። ለባለቤቱ አዲስ ነው እንጂ ለራሱ አዲስ አይደለም። ስለዚህ ጥይት አለመጉረሱ ከተረጋገጠ በኋላ፥ ከኋላው ተከፍቶ ጥይት የሚያልፍበት ቀዳዳ በብርሃን ይታይ፤ ውስጡ የተቦረቦረ ወይም ብረቱ በአንድ ስፍራ ያበጠ እንደ ሆነ ያ ጠመንጃ ለማንም አይተኮስም።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ጥይቱ ነው፤ እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። ውጅግራ የምንለው የፈረንሳዩ ግራስ ጠመንጃ 11 ሚሊ ሜትር ሲሆን በጥቁር ባሩድ የሚተኮስ ነው። የኢጣልያኑ ካርካኖ 6.5 ነው። ለኢትዮጵያ ጦር የመጣው የቤልጅግ ማውዘር 7.92 ነው። ክላሽንኮቭ 7.62 ነው። አሳሳቹ ይህ የመጨረሻው ቁጥር ነው፤ 7.62 የሚባለው ጥይት አንድ ብቻ አይደለምና። የቀለሁ ርዝመት 39፥ 51 እና 54 ሚሊ ሜትር የሆነ ሦስት የታወቀ ዓይነት አለ፤ አንዱ በሌላው ስፍራ አይገባም። በገበያ «የክላሽ ነው» ተብሎ የተሸጠ ጥይት ሁሉ የክላሽ ላይሆን ስለሚችል፥ የሚያውቅ ሰው አንድ በአንድ ይመርምረው።

አሮጌ ጥይትም የራሱ ጠባይ አለው። ቃታው ተስቦ ጥይቱ ሳይተኮስ ቢቀር፥ ተኳሹ ወዲያው መክፈት አይገባውም፤ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳዞረ አንድ ደቂቃ ያህል ይቆይ፤ እርጥበት የነካው ባሩድ ዘግይቶ የሚነሣበት ጊዜ አለና። ድምፁ ደካማ ሆኖ ሰደፉም ትከሻውን ሳይገፋው የቀረ እንደ ሆነ ደግሞ፥ አረሩ በብረቱ ውስጥ ተወትፎ ቀርቶ ይሆናል። ውስጡን ሳያይ ሁለተኛ የተኮሰ ሰው ዓይኑን ወይም እጁን ያጣል።

ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ጠመንጃው በኢላማ ይፈተን። ስፍራው ከኋላው ቁመት ያለው የአፈር ግድብ ያለበት ይሁን፤ ድንጋይ አረሩን መልሶ ይረጨዋልና አይሆንም። ፈተናው በሚደረግበት ቀን አስቀድሞ ለፖሊስና ለአካባቢው ሕዝብ ይነገር። በ2014 ዓ.ም. ተኩስ ሲሰሙ የከረሙ እናቶችና ሕፃናት ዛሬም ድንገተኛ ተኩስ ሲሰሙ የሚሆኑትን ያየ ሰው ይህን ማሳሰቢያ እንደ ትንሽ ነገር አይቆጥረውም።

ተኳሹ ተኝቶ፥ ጠመንጃውን አፈር በሞላበት ከረጢት ላይ አስደግፎ፥ በመጀመሪያ በ50 ሜትር፥ ቀጥሎ በ100 ሜትር ሦስት ሦስት ጥይት ይተኩስ። በአንድ ጥይት መፍረድ አይገባም። ሦስቱ በአንድ ስፍራ ተቀራርበው ከመካከል ርቀው የመቱ እንደ ሆነ ጥፋቱ የማነጣጠሪያው ነው፤ ይህም ይስተካከላል። ሦስቱ ተበታትነው የመቱ እንደ ሆነ ግን ወይ ጠመንጃው ያረጀ፥ ወይ ተኳሹ ያልተማረ ነው፤ ሌላ የታወቀ ተኳሽ በዚያው ጠመንጃ ቢሞክር ልዩነቱ ይታወቃል። የጦር ጠመንጃ ማነጣጠሪያ የተሠራው ለሰው ቁመት መሆኑም ይታሰብ፤ ክላሽንኮቭ ማነጣጠሪያው በ300 ሜትር ላይ ተደርጎ ሲተኮስ በ100 ሜትር ላይ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይመታል። ይህን ያላወቀ ሰው ከርከሮውን ስቶ አረሩን ከወዲያ ማዶ ይልከዋል።

ከወዲያ ማዶ ያለው ነገር ነው የሹም ዋና ጭንቀት ሊሆን የሚገባው። የጦር ጠመንጃ አረር ከ2 ኪሎ ሜትር አልፎ ሊሄድ ይችላል። ደሴ በ2,500 ሜትር ከፍታ፥ ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር ከፍታ ገደማ የተቀመጡ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው የሐረጎ ቁልቁለትና የየጎፍ ተራራ ጎን መንደር፥ መንገድና የግጦሽ ስፍራ ነው። ከላይ ወደ ታች የተተኮሰ ጥይት የሚያርፈው ከብት በሚጠብቅ ልጅ ዘንድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከአውሬው በስተኋላ አፈር ካልታየ ቃታ አይሳብም፤ በሰማይ ጠርዝ ላይ በቆመ አውሬም ፈጽሞ አይተኮስም።

በተዳፋት ላይ ኢላማ የሚስትበት ሌላም ምክንያት አለ። ጥይት ዝቅ የሚለው በአግድሙ ርቀት ልክ ነው እንጂ በተዳፋቱ ርዝመት ልክ አይደለም፤ በጣም በቆመ ገደል ላይ 200 ሜትር የሚመስለው በአግድም 140 ሜትር ያህል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ሲተኮስ ጥይቱ ከታሰበው ከፍ ብሎ ይመታል። የቆላ ሰው ወደ ገደል ወጥቶ የሚስተው፥ ጠመንጃውንም የሚረግመው ስለዚህ ነው።

አራተኛውና የመጨረሻው ጥያቄ «ምን ልትመታ ነው?» የሚለው ነው። ዝንጀሮና ጭላዳ አንድ አይደሉም፤ ጭላዳ በደረቱ ላይ ጠጉር የሌለው ቀይ ቆዳ ያለው፥ ኑሮውም በአብዛኛው በሣር የሆነ፥ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኝ ነው። ከሁሉ የከፋው ስሕተት ቀይ ቀበሮን በሌላው ቀበሮ መተካት ነው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ቁጥሩ በመቶዎች ብቻ የሚቆጠር ሲሆን፥ በደቡብ ወሎ በቦረና ሳይንት ፓርክ፥ ቀድሞ ደንቆሮ ጫካ ይባል በነበረው ስፍራ፥ ይገኛል። እግሩ ረጅም፥ ጕሮሮው ነጭ፥ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር ነው። ምግቡ አይጥ ስለ ሆነ ለደጋው ገበሬ ወዳጅ እንጂ ጠላት አይደለም።

ስለ ዝንጀሮ የጸሐፊው አሳብ እንዲህ ነው፤ በጥይት አንዱ ቢወድቅ መንጋው ለጥቂት ቀን ይሸሻል፥ ከዚያም ተመልሶ ይመጣል። በእርሻው መካከል ማማ ተሠርቶ፥ ጎረቤቶች በተራ ወንጭፍና ጅራፍ ይዘው ከማለዳ እስከ ማታ የጠበቁት ማሽላ ግን እስኪታጨድ ይተርፋል። ይህ አባቶች ያውቁት የነበረ ነገር ነው፤ ዋጋውም ከአንድ ካርታ ጥይት ያንሳል።

ፈቃድ አግኝቶ የወጣ ሰው ሲመለስ፥ ወደ መንደር ወይም ወደ መኪና ከመግባቱ በፊት ጥይቱን ያውጣ፤ ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት የወረደ ብረትም ጤዛ ይይዛልና፥ በዚያው ሌሊት ተወልውሎ በዘይት ይታሽ። ጥይቱና ጠመንጃው በአንድ ሣጥን ሳይሆን በተለያየ ቁልፍ ይቀመጡ፤ ቁልፉም ልጆች በማያውቁት ስፍራ ይሁን።