ባዶ መደርደሪያ ሳይታይ፦ የሕክምና ግብዓት አቅርቦት ስጋትና የመረጃ ተንታኙ ሥራ

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ያጠናቀቀ አንባቢ፦
• በወረርሽኝ ጊዜ የሕክምና ግብዓት እጥረት እንዴት እንደሚፈጠር ያስረዳል፤
• የመንግሥት የመረጃ ተንታኝ እጥረትን አስቀድሞ ለማወቅ ምን እንደሚያሰላ ይገነዘባል፤
• እጥረትን በመከላከል ረገድ የማኅበረሰቡን ድርሻ ይለያል።

መግቢያ

ወረርሽኝ ሲከሰት የሕዝቡ ዐይን የሚያርፈው በሐኪሙና በነርሷ ላይ ነው። ሆኖም ሐኪሙ ጓንት ከሌለው፣ ነርሷም የምትሰጠው መድኃኒት ካለቀባት፣ ዕውቀታቸው ብቻውን ሕመምተኛውን አያድንም። ጓንቱ፣ መድኃኒቱና ክትባቱ ደብረ ታቦር የሚደርሱት ከፋብሪካ ተነሥተው፣ በወደብ ወይም በአውሮፕላን ማረፊያ ገብተው፣ በማዕከላዊና በቅርንጫፍ መጋዘኖች አልፈው ነው። ከዚያም ወደ ሆስፒታሎችና ወደ ጤና ጣቢያዎች፣ ከጤና ጣቢያም ወደ ጤና ኬላ ይከፋፈላሉ። ይህ ተያያዥ ጉዞ የአቅርቦት ሰንሰለት ይባላል። ከቀለበቶቹ አንዱ ሲላላ ጉዳቱ የሚታየው ከብዙ ሳምንታት በኋላ፣ በመጨረሻው መደርደሪያ ላይ ነው።

ጉዳቱ መደርደሪያው ላይ ከመታየቱ በፊት የሚያየው ሰው የመረጃ ተንታኙ ነው። ተንታኙ በጤና ሚኒስቴር፣ በክልል ጤና ቢሮ፣ በዞን ጤና መምሪያ ወይም በመድኃኒት አቅራቢው መሥሪያ ቤት ተመድቦ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ዕለት ዕለት የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ የትኛው ግብዓት፣ በየትኛው ተቋም፣ መቼ ሊያልቅ ይችላል? ድስት ጥዶ ከማልቀስ አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ እንደሚባለው፣ የዚህ ሙያ ዋና ቁም ነገር አስቀድሞ መመጠን ነው።

1. ከኮቪድ-19 የተገኘ ትምህርት

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ የሰየመው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ይፋ ሆነ። በዚያን ጊዜ ጭንብልና የመመርመሪያ ኪት በዓለም ገበያ ሁሉም አገር የሚሻማበት ዕቃ ሆኖ ነበር። መጋቢት 13 ቀን በቻይናዊው ባለሀብት በጃክ ማ ስም የተበረከተ 5.4 ሚሊዮን ጭንብልና ከ1 ሚሊዮን በላይ የመመርመሪያ ኪት አዲስ አበባ ደረሰ፤ በኢትዮጵያ አየር መንገድ አማካይነትም ወደ አፍሪካ አገሮች ተሠራጨ። እርዳታው በጭንቅ ቀን የደረሰ ትልቅ ድጋፍ ነበር። ይሁን እንጂ አንድ ነገርም አስገነዘበ፦ አምራች አገሮች ለራሳቸው ሲሉ በራቸውን በዘጉ ጊዜ፣ ከውጭ በሚገባ ግብዓት የሚተዳደር አገር አስቀድሞ ያላሰበበት ከሆነ አማራጭ ያጣል።

ክትባቱም ይህንኑ አሳይቷል። የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቫክስ ጥምረት አማካይነት 2.2 ሚሊዮን ገደማ ዶዝ የአስትራዜኔካ ክትባት ኢትዮጵያ ገባ። ክትባቱ የተመረተው በሕንድ ሲሆን የሚሰጠውም በሁለት ዙር ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሕንድ ውስጥ ሥርጭቱ ስለጨመረ አገሪቱ ወደ ውጭ የምትልከውን ክትባት ገታች። የመጀመሪያውን ዙር የወሰደ ሰው ሁለተኛውን በጊዜው ማግኘቱ በአንድ ፋብሪካና በአንድ መንግሥት ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ ሆነ። ተንታኞች ይህን “የአንድ ምንጭ ስጋት” ይሉታል። አንድ ግብዓት ከአንድ ቦታ ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ ዛሬ መጋዘኑ ሙሉ ቢሆንም እንኳ በስጋት መዝገብ ውስጥ መግባት አለበት።

2. ሰንሰለቱ በደቡብ ጎንደር

የደቡብ ጎንደር ዞን መልክዓ ምድር ለአቅርቦት ቀላል አይደለም። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በአጠገቧ ያለው የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ባጓጓዙ ጊዜ መንገዱን እየቆፈሩና እየጠረጉ መሄዳቸው ወራት ፈጅቶባቸዋል። ዛሬ ያንን ደጋ ከወረታ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ ያቋርጠዋል። የዞኑ ብዙ ወረዳዎች የሚደገፉት በዚህ መንገድ ስለሆነ፣ መንገዱ ሲዘጋ ችግሩ የአንድ ከተማ ብቻ አይሆንም።

ተንታኙ በዚህ አካባቢ ላይ ቢያንስ አራት ስጋቶችን ይመዘግባል።

ጎርፍ፦ በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቃሉ። ለጎርፍ ተጋላጭ ለሆኑ ጤና ጣቢያዎችና ጤና ኬላዎች የክረምቱ ግብዓት ከሰኔ አጋማሽ በፊት መድረስ ይኖርበታል።

ወባ፦ በቆላማና በሜዳማ ወረዳዎች የወባ ሥርጭት ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም ጀምሮ ይጨምራል። ለወረርሽኙ የተሰጠው ትኩረት የወባን መድኃኒትና የመመርመሪያ ኪት ካስረሳ፣ ከአንዱ በሽታ የተረፈው በሌላው ይጎዳል።

የመብራት መቋረጥ፦ የአስትራዜኔካ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። ማቀዝቀዣው በምን ኃይል እንደሚሠራ፣ መጠባበቂያ እንዳለውና እንደሌለው የማይታወቅ ጤና ጣቢያ ክትባት ቢደርሰውም እንደ ደረሰው አይቆጠርም።

ግጭት፦ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ጋይንትና ወደ ደብረ ታቦር ዙሪያ በደረሰ ጊዜ የነፋስ መውጫ ሆስፒታል ለጉዳትና ለዘረፋ ተዳርጓል። በአንድ ቦታ የተከማቸ ግብዓት በአንድ ቀን ሊጠፋ ስለሚችል፣ ክምችትን በተለያዩ ቦታዎች መክፈል ራሱ መከላከያ ነው።

3. መሠረታዊው ስሌት

ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች በየሁለት ወሩ የክምችት ሪፖርትና የግብዓት መጠየቂያ ቅጽ ሞልተው ለመድኃኒት አቅራቢው ይልካሉ፤ ጤና ኬላዎች ደግሞ በየወሩ ለጤና ጣቢያቸው ያሳውቃሉ። ቅጹ በእጅ ያለውን መጠን፣ የተቀበሉትንና የተጠቀሙበትን ያሳያል። ተንታኙ በእጅ ያለውን መጠን በአማካይ ወርሃዊ ፍጆታ ሲያካፍል ክምችቱ ለስንት ወር እንደሚበቃ ያገኛል። ለጤና ጣቢያና ለሆስፒታል የተቀመጠው ከፍተኛ መጠን የ4 ወር፣ ዝቅተኛው የ2 ወር ነው። ክምችቱ ወደ ግማሽ ወር ሲወርድ የአስቸኳይ ጊዜ ጥያቄ ይቀርባል።

ለምሳሌ አንድ ጤና ጣቢያ 120 ካርቶን ጓንት አለው እንበል። በወር 40 ካርቶን የሚጠቀም ከሆነ ክምችቱ ለ3 ወር ይበቃዋል፤ ስጋት የለበትም። ወረርሽኝ ተነሥቶ የወሩ ፍጆታ ወደ 120 ካርቶን ቢያድግ ግን ያው ክምችት የሚበቃው ለ1 ወር ብቻ ነው። ተንታኙ ያለፉትን 3 ወራት አማካይ (40፣ 40 እና 120) ቢወስድ 67 ገደማ ስለሚያገኝ፣ ክምችቱ ለ2 ወር ሊደርስ ምንም ያህል እንዳልቀረው ይሰማዋል። አማካዩ አልዋሸም፤ ያሳየው ግን ያለፈውን ጊዜ ነው። በወረርሽኝ ወቅት የቅርቡ ሳምንት ፍጆታ ከሩቁ ወር አማካይ ይልቅ ክብደት የሚሰጠው ለዚህ ነው።

4. ቁጥር የሚያሳስትባቸው ሦስት ቦታዎች

አንደኛ፣ ባዶ ቦታ ዜሮ አይደለም። ሪፖርት ያልላከ ጤና ኬላ “ፍጆታ የለውም” ተብሎ ከተመዘገበ ድርሻው ይቀራል። ሪፖርት የማይደርሰው ግን ብዙ ጊዜ ከሩቁና ከተቸገረው ቦታ ነው። ስለዚህ ዝምታ ራሱ እንደ ስጋት ምልክት ተወስዶ በስልክ ወይም በአካል ይጣራል።

ሁለተኛ፣ መድኃኒት ያለቀበት ተቋም ትንሽ የተጠቀመ ይመስላል። አንድ ጤና ጣቢያ መድኃኒቱ በእጁ የነበረው ለ10 ቀን ብቻ ሆኖ በነዚያ ቀናት 10 ካርቶን ቢጠቀም፣ የወሩ ፍጆታ 10 ተብሎ ይጻፋል። እውነተኛው የወር ፍላጎት ግን 30 ካርቶን ነው። ይህ ካልተስተካከለ ለተቸገረው ይቀነስበታል፤ በሚቀጥለው ወርም ችግሩ ይብሳል። ግብዓቱ የጠፋባቸውን ቀናት በቢን ካርድ ላይ በትክክል መመዝገብ ሕይወት የሚያድን ሥራ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛ፣ በስጋት የተጋነነ ጥያቄ ሌላውን ያስርባል። የሚፈልገውን ያህል እንደማያገኝ የሚያስብ ተቋም እጥፍ ይጠይቃል። ሁሉም እጥፍ ሲጠይቅ እውነተኛው ፍላጎት ይደበቃል፤ አንዱ መጋዘን ውስጥ ጊዜው ሲያልፍበት ሌላው ባዶውን ይቀመጣል። ተንታኙ ጥያቄን ከታካሚ ቁጥር ጋር የሚያመሳክረው ለመጠራጠር ሳይሆን ለማካፈል ነው።

5. ምትክ የሌለው ግብዓት፦ ኦክስጅን

ግብዓት ሁሉ እኩል አይመዘንም። ተንታኙ ሦስት ጥያቄዎች ያነሣል፦ የመቋረጡ ዕድል ምን ያህል ነው? ቢቋረጥ ጉዳቱ ምንድን ነው? ምትክስ አለው? የሕክምና ጭንብል ሲያጥር ሕዝቡ በጨርቅ ጭንብል ሊጠቀም ይችላል። ለኦክስጅን ግን ምትክ የለውም። በደብረ ታቦር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከሩብ በላይ ስለሚያንስ፣ ሳንባው የታመመ ሰው የሚቋቋምበት አቅም ይጠብበታል።

6,800 ሊትር ገደማ የሚይዝ አንድ ትልቅ ሲሊንደር በደቂቃ 10 ሊትር ለሚወስድ ሕመምተኛ ከ11 ሰዓት ብዙም አይዘልም። እንደዚህ ያሉ 5 ሕመምተኞች ያሉበት ክፍል በቀን 11 ያህል ሲሊንደር ያስፈልገዋል። መንገድ ለ2 ቀን ቢዘጋ ሆስፒታሉ በእጁ ቢያንስ 22 ሙሉ ሲሊንደር ሊኖረው ይገባል ማለት ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ ባዶዎቹም ይቆጠራሉ፤ ባዶው በጊዜ ተጭኖ ካልሄደ ሙሉው ተሞልቶ አይመለስም።

6. የማኅበረሰቡ ድርሻ

የአቅርቦት መረጃ የሚጀምረው ከቢሮ ሳይሆን ከቤተሰብ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው፦
• ጭንብል፣ የእጅ ማጽጃና መድኃኒት ከሚያስፈልገው በላይ ገዝቶ አያከማች፤ የአንድ ሳምንት ሽሚያ በመረጃ ላይ ሐሰተኛ ፍላጎት ሆኖ ይታያል፤
• ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት አይግዛ፤
• በጤና ጣቢያ “አልቋል” የተባለ ግብዓት ሲያጋጥመው ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ያሳውቅ፤
• መንገድ በጎርፍ ወይም በናዳ መቆረጡን ያየ ለቀበሌው አስተዳደር ፈጥኖ ይንገር፤
• ለክትባት የተቀጠረበትን ቀን ያክብር፤ አንዳንድ ክትባቶች ብልቃጡ ከተከፈተ በኋላ ለሚቀጥለው ሳምንት አይቆዩም።

ዋና ዋና ነጥቦች

• እጥረት በመደርደሪያ ላይ ከመታየቱ በፊት በሪፖርት ላይ ይታያል።
• ያልተላከ ሪፖርት ዜሮ ፍጆታ ማለት አይደለም።
• ከአንድ ምንጭ የሚመጣ፣ በአንድ መንገድ የሚያልፍና በአንድ መጋዘን የሚቀመጥ ግብዓት ሁልጊዜ ለስጋት የተጋለጠ ነው።
• ትክክለኛ ቁጥር ለተቸገረው ድርሻውን ያደርስለታል፤ የተጋነነ ቁጥር ደግሞ ከጎረቤቱ ይነጥቃል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ ወደሚገኘው ጤና ጣቢያ የሚወስደው መንገድ በክረምት ለስንት ቀን ሊዘጋ ይችላል? በነዚያ ቀናት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያልቀው ግብዓት የትኛው ነው?
2. አንድ ጤና ኬላ ለሁለት ወር ሪፖርት ባይልክ ምክንያቱን ለማወቅ ማን፣ በምን መንገድ ሊጠይቅ ይገባል?
3. ባለፈው ወረርሽኝ በአካባቢያችሁ በሽሚያ የተወደደ ወይም የጠፋ ዕቃ ነበረ? ለወደፊቱ ይህ እንዳይደገም በዕድር፣ በገበያና በእምነት ተቋማት ምን ሊደረግ ይችላል?