ሟች ሳይናዘዝ ሲቀር የየቲሞች ሐቅ

አንድ ሙስሊም ሳይናዘዝ ቢሞት የወራሾቹን ድርሻ አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኒሳእ ደንግጎታል። በቅድሚያ የቀብር ወጪና ዕዳ ይከፈላል።

ለምሳሌ ወላጆቹ ቀድመውት ያለፉ አንድ የአንኮበር አባት ባለቤቱን፣ አንድ ወንድና ሁለት ሴት ልጆች ትቶ ቢሞትና 32,000 ብር ቢተርፍ፣ ለባለቤቱ አንድ ስምንተኛው 4,000፣ ለወንዱ 14,000፣ ለእያንዳንዷ ሴት ልጅ 7,000 ብር ይደርሳል። ወንድ ልጅ እያለ የሟች ወንድም አይወርስም፤ ሞግዚት ቢሆንም የየቲሞቹ ገንዘብ በእጁ ያለ አማና ነው።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት ጉዳዩን የሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚያየው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። በመደበኛው ፍርድ ቤት በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች እኩል ይወርሳሉ።

ውድ ወገኖች! ለየቲም ስንለግስ የአባቱ ሐቅ ደርሶት እንደሆነም እንጠይቅ።