ከስደት ለተመለስሽው ለአንቺ

ልጄ፣ በህዳር 2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመላሾችን ለመቀበል ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከቆሙት ነርሶች አንዷ ነበርኩ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገን ገባ። አንዷ ልጅ ጥቁር ፌስታሏን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ሻይ ሲሰጧት እንኳ ጣቶቿን መፍታት አቃታት። አገሯ ገብታለች፤ ሰውነቷ ግን ገና አላመነም። አንቺም እዚህ ገርጂ፣ እናትሽ ቤት ሆነሽ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ክው ስትዪ ስላየሁ ነው የምጽፍልሽ።

1. መጀመሪያ ተመርመሪ። የልብ ምት መፍጠን፣ መንቀጥቀጥና እንቅልፍ ማጣት ከእንቅርት በሽታም ሊመጣ ይችላል። ጠበሉን አልከለክልሽም፤ የታዘዘልሽን መድኃኒት ግን እንዳታቋርጪ።

2. ራስሽን ፈሪ አትበይ። አደጋ ሲመጣ ሰውነት ሳያማክረን አድሬናሊን ይረጫል፤ ጡንቻ ይወጠራል፤ መሸሽም መታገልም ካልተቻለ ይደርቃል። ፓስፖርቷን ተቀምታ፣ በር ተቆልፎባት ለኖረች ሴት መድረቅ ነፍስ ማትረፊያ ነበር።

3. በትንሽ በትንሹ ጀምሪ። አሜሪካዊው ፒተር ሌቪን «ሶማቲክ ኤክስፒሪየንሲንግ» ያለው ዘዴ ሕመሙን በአንድ ጊዜ አይዘረግፍም፤ ጥቂት ነካ ያደርግና ሰውነት ወደሚረጋጋበት ይመለሳል። ስትጨነቂ ጫማሽን አውልቂና እግርሽን ሲሚንቶው ላይ አሳርፊ፤ ቅዝቃዜው ይሰማሽ። ጀርባሽን ግድግዳው ይደግፈው። አንገትሽን ቀስ ብለሽ እያዞርሽ ክፍሉን እይ፦ መስኮቱን፣ መጋረጃውን፣ ጀበናውን። ከዚያ አየር ስታስወጪ ከማስገባትሽ ይርዘም፤ ስናስወጣ የልብ ምት ቀዝቀዝ ይላል። ዓይንሽን ስትጨፍኚ በር የተቆለፈብሽ ያ ቤት ከመጣብሽ አትጨፍኚ። መተንፈሱ ራሱ ካፈነሽ ተዪው፤ ተነሺና ትንሽ ተራመጂ። የጀመርሽውን ሁሉ መጨረስ የለብሽም፤ «በቃኝ» ማለትሽ ራሱ ሕክምና ነው።

4. ዘመድ ሁሉ «ምን አደረጉሽ?» ቢልሽ የመናገር ዕዳ የለብሽም።

5. ሰርግ ሲጠሩሽ ሂጂ። እስክስታውን ትከሻሽ እምቢ ካለ አጨብጭቢ።

6. ቦሌ ውስጥ «ከጭንቀትሽ በአንድ ቀን እናላቅቅሻለን» የሚልሽን እለፊው። ያለፈቃድሽ ማንም አይንካሽ፤ ይህን አጥብቄ ነው የምልሽ። የት እንደሠለጠነ፣ መሃል ላይ ማቆም ትችዪ እንደሆነ ጠይቂ፤ ጥያቄው የሚያስቆጣው ሰው አይበጅሽም። እንደ ሌቪን ዘዴ በሰውነት በኩል የሚሰጠው ሕክምና ማስረጃው ገና አልጠነከረም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 የመከረው በጉዳቱ ላይ ያተኮረ የንግግር ሕክምናንና ዓይንን እያንቀሳቀሱ ትዝታውን የሚያስታምሙበትን «ኢ.ኤም.ዲ.አር.»ን ነው። ስለዚህ እኔ የነገርኩሽ መረጋጊያ ይሁንሽ፤ ለሕክምናው የካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል ለሰፈራችን ይቀርባል፤ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታልም አለ።

7. መሞት ካማረሽ እስኪነጋ አትጠብቂ። ለእናትሽ መንገር ከከበደሽ የእኔን በር አንኳኪ፤ በዚያው ሌሊት አብረን ሆስፒታል እንሄዳለን።