መዝገብን ከአንድ ማስቀመጫ ወደ ሌላ ስለ ማዛወርና ስለ መጠበቅ

የመሬት መዝገብ በጠፋ ጊዜ የሚጎዳው ጽሕፈት ቤቱ ብቻ አይደለም። ባሏ የሞተባት ሴት ይዞታዋን ማስረዳት ያቅታታል፤ ወንድማማች በድንበር ይካሰሳል፤ ዳኛውም ከምስክር ቃል በቀር የሚመለከተው አያገኝም። ስለዚህ የዞንና የወረዳ ሹማምንት የባለሙያን ሥራ ባይሠሩም፥ በኮምፒዩተር ያለ መዝገብ እንዴት እንደሚዛወርና እንዴት እንደሚጠበቅ ማወቅ ይገባቸዋል።

ቀደምት አባቶች የጉልትን ስጦታ በወንጌል ባዶ ቅጠል ላይ ያጽፉ ነበር፤ ወንጌሉ በዕቃ ቤት ተጠብቆ የሚኖር ስለሆነ፥ በላዩ የተጻፈውንም ለመፋቅ የሚደፍር ጥቂት ስለሆነ ነው። ነገር ግን አንድ ብቻ የሆነ መጽሐፍ ከእሳትና ከዘረፋ አያመልጥም። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከወሰዳቸው ብራናዎች ወደ 350 የሚጠጉት ለንደን ገብተው ቀሩ። ከእ.ኤ.አ. 1973 ጀምሮ ግን ከ9 ሺሕ የሚበልጡ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተው፥ ቅጂው በአዲስ አበባና በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ተቀመጠ፤ ኋላም ከፊልም ወደ ኮምፒዩተር መዛወር ጀመረ።

በአዲስ አበባ በመርካቶ፥ በሰባተኛ ያለ ነጋዴ ዕለት ዕለት የሚሸጠውን ዕቃ በሱቁ መደርደሪያ፥ አልፎ አልፎ የሚፈለገውን በመጋዘን ያኖራል፤ የሱቁ ቦታ ጠባብና ውድ ነውና። በኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው፤ ፈጣኑ ዲስክ ውድ፥ ዘገምተኛው ዲስክና የቴፕ ክር ርካሽ ነው። ፕሮግራሙ በተሰጠው ደንብ መሠረት፥ ለምሳሌ አንድ ዓመት ሙሉ ያልተከፈተውን ፋይል እየለየ፥ የሰው እጅ ሳይነካው ወደ ርካሹ ማስቀመጫ ያዛውረዋል። በቀድሞው ስፍራ የሄደበትን የሚያመለክት ምልክት ይተዋል፤ ጸሐፊው በጠራው ጊዜም ጥቂት ዘግይቶ ይመጣለታል።

ነገር ግን ማዛወር ሌላ፥ መጠባበቂያ ቅጂ ማድረግ ሌላ ነው። ነጋዴው ዕቃውን ወደ መጋዘን ስላገባ ዕቃው ሁለት አልሆነለትም፤ መጋዘኑ ቢቃጠል ከሱቁ የሚያገኘው የለም። ብዙ ጽሕፈት ቤት የሚሳሳተው በዚህ ነው። ስለዚህ የሚከተሉት ደንቦች ሊጠበቁ ይገባል።

1ኛ፤ ቅጂው ከዋናው ጋራ ሦስት ይሁን፤ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ይቀመጥ፤ አንዱም ከሌሎቹ ርቆ በሌላ ከተማ ይኑር። ደግሞም ቫይረስ በኔትወርክ ገብቶ ሁሉንም እንዳያበላሽ፥ አንዱ ቅጂ ከኔትወርክ የተለየ ይሁን።

2ኛ፤ ሳይመሳከር አይሰረዝ። ፕሮግራሙ ከፋይሉ ፊደላት ሁሉ አስልቶ አንድ የቁጥር ማኅተም ያወጣል፤ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ማኅተሙ ይለወጣል። የዋናውና የቅጂው ማኅተም አንድ መሆኑ ሳይረጋገጥ ዋናው ከስፍራው መነሣት የለበትም።

3ኛ፤ የተቀመጠው በየጊዜው ተመልሶ ይነበብ። በጥር ወር 2009 ዓ.ም. የጊትላብ ኩባንያ ሠራተኛ በስሕተት ዋናውን የመረጃ ቋት በደመሰሰ ጊዜ፥ ከአምስቱ የመጠባበቂያ መንገዶች አንዱም እንደ ታሰበው ሲሠራ አልተገኘም። ከስድስት ሰዓት በፊት በእጅ በተወሰደ አንድ ቅጂ ተረፉ፤ የስድስት ሰዓቱ ሥራ ግን ጠፋ።

4ኛ፤ ማንበቢያው ሳያረጅ መዝገቡ ይዛወር። ኤል ቲ ኦ የተባለው የቴፕ መሣሪያ ስምንተኛው ትውልድ የሚያነበው የራሱንና የሰባተኛውን ክር ብቻ ነው፤ በስድስተኛው የተጻፈውን አያነብም። ክሩ ሳይበላሽ ቢገኝም፥ የሚያነበው መሣሪያ ከሌለ እንደ ጠፋ ይቆጠራል።

5ኛ፤ የዕድሜውን ደንብ ሹሙ ራሱ ይወስን። ፕሮግራሙ የፋይሉን ዕድሜ እንጂ የጉዳዩን ክብደት አያውቅም። የይዞታ መዝገብ ሃያ ዓመት ሳይከፈት ኖሮ በአንድ የውርስ ክርክር ቀን ይፈለጋል። ስለዚህ የመሬት መዝገብ ወደ ርካሽ ማስቀመጫ ቢዛወር ጉዳት የለውም፤ ጊዜው አለፈ ተብሎ በራሱ እንዲሰረዝ ግን ከቶ አይፈቀድ።

እንግዲህ ሹም ጽሕፈት ቤቱን በሚመረምርበት ጊዜ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ሩቁ ቅጂ የት እንዳለ፥ ለመጨረሻ ጊዜ ተመልሶ የተነበበው መቼ እንደሆነ፥ ማኅተሙንስ አመሳክሮ የፈረመው ማን እንደሆነ። ለሦስቱም በቀንና በስም የተጻፈ መልስ ካላገኘ፥ የሕዝቡ መዝገብ ተጠብቋል ብሎ አይፈርም።