ስትሮክ፦ ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ከቤት ነው



ከመካከላችን የአንዱ አባት ለሱብሒ ውዱእ ሊያደርጉ ተነስተው ሳለ ማንቆርቆሪያው ከእጃቸው ወደቀ። ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ፤ አፋቸውም ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ «ምች ነው» አለ፣ ሌላው «ዓይን ነው» አለ። ጥቁር አዝሙድ ተቀቡ፤ የተቀራበት ውሃ ሲሰጣቸው ትን አላቸው። ሆስፒታል የደረሱት ከዙሁር በኋላ ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው «መቼ ጀመራቸው?» ብሎ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ተርፈዋል። ዛሬም ግን የሚጎርሱት በግራ እጃቸው ነው።

ስትሮክ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲቋረጥ የሚመጣ ሕመም ነው። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ቢሆንም ሰውነታችን ከሚጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ ስንቅ ግን አያስቀምጥም። ስለዚህ ደም በተቋረጠበት ቦታ ሕዋሳቱ በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራሉ። ወይ የረጋ ደም ቧንቧውን ይዘጋዋል፣ ወይ ቧንቧው ፈንድቶ ደም ይፈሳል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ በእርግጠኝነት የሚለያቸው እንደ ሲቲ ስካን ያለ ምርመራ ነው። «ደም ያቀጥናል» ተብሎ ቤት ውስጥ አስፕሪን መስጠት አደገኛ የሚሆነውም ለዚሁ ነው፤ የሚፈስ ደም ካለ ያባብሰዋል።

የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በተለምዶ የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ 4 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ነው። በአገራችን ይህን የሚሰጡ ሆስፒታሎች ጥቂት ናቸው። ቢሆንም ትንታን መከላከል፣ ግፊትንና ስኳርን መቆጣጠር ብቻውን ሕይወት ያተርፋል።

በዕረፍት ቤት ስንገባ ይህን መለየት ያለብን እኛ ነን። ፈገግ እንዲሉ ጠይቋቸው፤ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ይሄዳል? ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ይያዙ፤ አንዱ ይወርዳል? ስለ ዛሬው ውሏቸው ይናገሩ፤ ይኮላተፋሉ ወይስ ቃል ይጠፋባቸዋል? ፋቲሓን ማስቀራት ለዚህ አይበቃም። በቃል የተያዘ ነገር ንግግር ከጠፋበት ሰው አንደበትም አንዳንዴ ይወጣልና። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ድንገት ከታየ ሰዓቱን መዝግባችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው። ከእንቅልፍ ሲነቁ ከታየ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው የታዩበትን ሰዓት ንገሩ። ምልክቱ ከደቂቃዎች በኋላ ቢጠፋም አትመለሱ፤ ትልቁ ሊከተል ይችላል።

ሩቅያ ይቅር አላልንም። እሱ መኪና ውስጥም ይቀራል፤ ሰበብ ማድረስ ከተወኩል ጋር አይጣላም። በአፍ ግን ምንም አይሰጥ፣ ዘምዘምም ቢሆን።

ዋነኛው መንስኤ የደም ግፊት ነው፤ ብዙ ጊዜም ስሜት የለውም። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማነስ አለበት። ሲጋራና ሺሻ ቧንቧውን ይጎዳሉ። «ለጥናት» ተብሎ በፈተና ሰሞን የሚቃመው ጫትም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ይህን የምንጽፈው የምናውቃቸውን ዶርሞች እያሰብን ነው።

ወጣት ነን ብለንም አንዘናጋ። በልጅነት ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የልብ ቫልቭን አበላሽቶ ልብ ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። ወርሃዊ የፔኒሲሊን መርፌ የታዘዘላችሁ ካላችሁ፣ ለፈተና ብላችሁ አታሳልፉት።

ረመዳን ሲገባ ክኒናቸውን የሚያቋርጡ ወላጆችም አሉን። ብዙዎቹ የግፊት መድኃኒቶች በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ የሚወሰዱ በመሆናቸው ሐኪሙ ወደ ሱሑርና ኢፍጣር ሊያዛውራቸው ይችላል። ጥያቄው ግን ጾሙ ከገባ በኋላ ሳይሆን በሻዕባን ይቅረብለት።