የቀዝቃዛ አካባቢ ቀይ ወይን ጠጅና ተስማሚ ምግቦቹ፦ የቡርጎኝ ፒኖ ኗር እንደ ማሳያ

መግቢያ

ቀይ ወይን ጠጅ ከሥጋ፣ ነጭ ወይን ጠጅ ከዓሣ ጋር ይቀርባል የሚለው ልማድ በብዙዎች ዘንድ እንደ ሕግ ይታያል። ይሁን እንጂ በምሥራቅ ፈረንሳይ የሚገኘው የቡርጎኝ ግዛት ቀይ ወይን ጠጅ ከዳክዬ ጥብስ፣ ከእንጉዳይ፣ አልፎም ከሳልመን ዓሣ ጋር ይስማማል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የስምምነቱ ዋነኛ ምክንያት የመጠጡ ቀለም ሳይሆን ወይኑ የበቀለበት ቅዝቃዜ መሆኑን ማሳየት፣ ቅዝቃዜው ሲቀንስ የሚከተለውንም መጠቆም ነው።

ዝርያውና ስፍራው

ፒኖ ኗር ልጣጩ ስስ የሆነ፣ ቀድሞ የሚያቆጠቁጥና ቀድሞ የሚበስል ጥቁር ወይን ነው። ዋነኛ መገኛው ኮት ዶር በ47 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አካባቢ የተዘረጋ፣ የኖራ ድንጋይና የሸክላ አፈር የተቀላቀሉበት ተረተር ነው። የቡርጎኝ መስፍን የነበረው ደፋሩ ፊሊፕ እ.ኤ.አ. በ1395 ባወጣው አዋጅ ጋሜ የተባለው ዝርያ እንዲነቀል በማዘዝ ለፒኖ ቅድሚያ ሰጥቷል።

የወይን ፍሬ ሲበስል ስኳሩ ይጨምራል፤ በውስጡ ያለው ማሊክ አሲድ ደግሞ ፍሬው ሲተነፍስ እየተቃጠለ ይቀንሳል። ሙቀት ይህን ቃጠሎ ያፋጥነዋል፤ ቅዝቃዜ ያዘገየዋል። በመሆኑም ከቀዝቃዛ ስፍራ የሚገኘው ወይን ጠጅ ኮምጣጣነቱ የጎላ፣ አልኮሉ መጠነኛ ይሆናል።

ከምግብ ጋር ያለው ዝምድና

ስምምነቱን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ታኒን ነው። ታኒን ከምራቅ ፕሮቲን ጋር ሲጣመር፣ ያልበሰለ ሙዝ እንደሚያደርገው፣ አፍን ያደርቃል፤ ያጣብቃል። ታኒኑ የበዛ ወይን ጠጅ ይህን የሚያለዝብ ስብና ፕሮቲን ያለው ምግብ ይሻል። የፒኖ ታኒን በአብዛኛው ለስላሳ ስለሆነ ግን ዶሮንና እንጉዳይን አይጫንም።

ሁለተኛው አሲድ ነው። አሲድ ምራቅን ያመነጫል፤ የስብን ክብደት ከአፍ ያነሣል። የአገሬው ሰው የበሬ ሥጋን በዚያው ወይን ጠጅ ለረጅም ሰዓት ቀቅሎ የሚሠራው ወጥ ከመጠጡ ጋር የሚዋደደው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ሳልመንም ስብ ያለው ዓሣ በመሆኑ ከዚህ ይጠቀማል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ዓሣ ከወይን ጠጅ ጋር ሲበላ የሚፈጠረው መጥፎ ጣዕም በመጠጡ ውስጥ ካለው የብረት ማዕድን ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል። ስለዚህ ቀለም ብቻውን መለያ ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛው አልኮል ነው። ከፍተኛ አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያባብሳል። በዚህ መመዘኛ ለዶሮ ወጥ ቀይ ወይን ጠጅ መምረጥ ቢያስፈልግ፣ አልኮሉና ታኒኑ ቀለል ያለ፣ በመጠኑም የቀዘቀዘ ቢሆን ይመረጣል። ፒኖ ኗርም ከ14 እስከ 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ቢቀርብ መልካም ነው።

የሙቀት መጨመር

የቦን ከተማ የወይን ለቀማ መዝገብ ከ1354 ጀምሮ ያለውን ጊዜ ይሸፍናል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንደሚያመለክተው፣ እስከ 1987 ድረስ ለቀማው በአማካይ መስከረም 28 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ይጀመር ነበር፤ ከ1988 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት ግን በ13 ቀናት ቀድሟል። አምራቹ አሲዱን ለማቆየት ቀድሞ ቢለቅም የልጣጩ ታኒንና መዓዛው ሳይበስሉ ይቀራሉ፤ ቢያዘገይ ስኳሩና አልኮሉ ያይላሉ።

ማጠቃለያ

የቡርጎኝ ገበታ በአሲድ፣ በታኒንና በአልኮል ሚዛን ላይ የቆመ ነው፤ ሚዛኑ ደግሞ በቅዝቃዜ ላይ። ሙቀቱ እየጨመረ ከሄደ የሚለወጠው የመጠጡ ጣዕም ብቻ አይደለም፤ ትውልዶች ከእርሱ ጋር ያዛመዷቸው ምግቦችም አጋራቸውን ያጣሉ። በመሆኑም የወይን ጠጅና የምግብ ጥናት ከማእድ ቤት አልፎ የአየር ንብረትን መመርመር ይኖርበታል።